የሞተውን ዲስክ ማን ይተካል?

ቁሐር ሚካኤል ከፎገራ ሜዳ የሩዝ ቀበሌዎች አንዱ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ መጨረሻ ላይ የሚያርፉት በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው ይተኛበታል፣ ሲሸሽም ደለሉን ጥሎ ይሄዳል። ድሮ ይህ ውኃ የሚተኛበት መሬት ከግጦሽ ያለፈ ዋጋ አልነበረውም፤ የፎገራ ከብት ስሙ የወጣውም በዚሁ ሣር ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግና በተባለ ቦታ የተሞከረው ሩዝ ነገሩን ገለበጠው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ተፈላጊ ሆነ፤ ተፈላጊ ሲሆንም አንድ ክንድ ወዲህ፣ አንድ ክንድ ወዲያ የሚለው ነገር እንደ ቀድሞው በዝምታ የሚታለፍ መሆኑ ቀረ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም እንደደረሰው ያለ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ በሁለት ማሳ መካከል ያለችውን ስስ የአፈር ድንበር ደለል ያለብሳታል። ውኃው ከሸሸ በኋላ ድንበሩ የት ላይ እንደነበር የሚመሰክሩት ሁለት ናቸው፤ የሽማግሌ ትዝታና የመንግሥት መዝገብ። ሽማግሌው ያልፋል። መዝገቡም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ የሚያድረው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስክም ይሞታል።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ማሳ የሚለካው በገመድ ነበር። ባልና ሚስት ፎቷቸው ጎን ለጎን የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ይሰጣቸዋል፤ ዋናው መዝገብ በጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ዙር ምዝገባ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ የእያንዳንዱን ማሳ ቅርጽ አወጣ። ቀጥሎም በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት መጣና ውርሱ፣ ስጦታው፣ ኪራዩ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት መንገድ ተከፈተ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ነገር ግን አንዲት ባለይዞታ ባሏ ሞቶባት፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ስሙን ለማዛወር ወረዳ ድረስ ብትሄድና በመስኮቱ በኩል «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ሰኞ ይመለሱ» ብትባል፣ ያ ሁሉ ሥራ ለእርሷ በዚያች ሰዓት የለም ማለት ነው። «ሲስተም የለም» በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደ ሰላምታ የተለመደ መልስ ሆኗል። ብዙ ጊዜ የጠፋው መብራት ወይም ኔትወርክ ነው፤ ሁለቱም ይመለሳሉ። የሚያስፈራው ሰኞ መጥቶም የማይመለሰው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። ዲስክ ሲሞት የሚፈተነው ማሽኑ ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱ ነው። ማሽኑ የተሠራው አንድ ዲስክ ቢሞትበትም ሥራውን እንዲቀጥል ነው፤ ያንን ጊዜ የምንጠቀምበት ወይም የምናባክነው እኛ ነን። የፎገራን ወረዳ ወይም ሌላን ወረዳ ለይቼ ለመውቀስ አይደለም፤ የምለው ሰርቨር ግቢው ውስጥ ላስቀመጠ ወረዳ፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ምርምር ማዕከል ሁሉ ይሠራል። በፎገራ ሜዳ ባለችው ወረታ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በአንድ ክረምት የሚለካው የሙከራ ማሳ ምርት ቢጠፋ ያንኑ ክረምት መልሶ የሚያመጣለት የለም። የመሬት መዝገቡን ያስቀደምኩት ጉዳቱ በአንድ ሰው ድንበር ልክ ስለሚታይ ነው።

ዲስኮችን አቀናጅቶ የማሠራቱ ሐሳብ በደንብ ተብራርቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ መጠቀም እንደሚያዋጣ አሳዩ። ዲስክ ሲበዛ ግን ከመካከላቸው አንዱ የሚሞትበት ዕድል አብሮ ይበዛል፤ ስለዚህ ትርፍ መረጃ መያዝ ግድ ሆነ። ዛሬ ባለሙያው ሁሉ ሬይድ የሚለው ይህ ነው። ቀላሉ ዓይነት ሁለት ዲስክ ላይ አንዱኑ ነገር መጻፍ ነው። ቆጣቢው ዓይነት ሒሳብ ይጠቀማል። በአንደኛው ዲስክ ላይ 5፣ በሁለተኛው ላይ 7 ቢጻፍ ሦስተኛው ድምሩን 12ን ይይዛል እንበል። ሁለተኛው ቢሞት ከ12 ላይ 5 ሲቀነስ የጠፋው 7 ይገኛል። እውነተኛው ስሌት የሚሠራው በዜሮና በአንድ ነው፣ መንፈሱ ግን ይኸው ነው። ነገሩ ደቦ ነው፤ አንዱ ቢታመም የቀሩት የእርሱን ድርሻ ደርበው ያጭዳሉ፣ አዝመራው አይቆምም፣ የቀሩት ግን ይበልጥ ይደክማሉ። እዚህ ላይ መያዝ ያለበት ነገር ቢኖር፣ በሦስት ወይም በአራት ዲስክ የተቀናጀው ቆጣቢ ዓይነት፣ ባለሙያዎች ሬይድ 5 የሚሉት፣ የሚታገሠው አንድ ሞት ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ሞቶ ሳይተካ ሁለተኛው ከተከተለው የቀሩት ጤነኞች ቢሆኑም የያዙት መረጃ ትርጉም አይሰጥም፤ ከ12 ላይ የሚቀነሰውን ካላወቁ የጠፋውን ማወቅ አይቻልምና።

እንግዲህ አንድ ዲስክ የሞተ ዕለት ምን ይታያል? በመስኮቱ በኩል ምንም። ደብተር ይታተማል፣ ኪራይ ይመዘገባል፣ ጸሐፊዋ ምናልባት ዛሬ ትንሽ ይዘገያል ብላ ታልፈው ይሆናል። ምልክቱ ያለው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሰርቨሩ ፊት ለፊት ከተደረደሩት አረንጓዴ መብራቶች አንዷ ወደ ብርቱካናማ ትለወጣለች። አንዳንዱ ማሽን ይጮኻል፤ የሚጮኸውን ማሽን ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ አይጠፋም። ሬይድ የሞትን ድንጋጤ ስለሚያስቀር ሞቱን ራሱን ይሸሽጋል። ትልቁ ጥቅሙ ትልቁ አደጋው ነው። ዲስኩ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሞተበት ደቂቃ ወረዳው ሁሉ ያውቅ ነበር። አራት ሲሆኑ ግን አንዱ በሚያዝያ ሞቶ እስከ ነሐሴ ማንም ላያውቅ ይችላል፤ በነሐሴ ሁለተኛው ሲሞት «በአንድ ቀን ሁሉም ጠፋ» ይባላል። የጠፋው ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ በአራት ወር ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ሁለት ዲስክ ተከታትሎ የሚሞተው ስንት ጊዜ ነው?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሰው ከሚገምተው በላይ ብዙ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ ዲስኮችን መረጃ መርምረው፣ አምራቾች በዓመት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም የሚሉት የብልሽት መጠን በተግባር ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 13 እንደሚደርስ አሳይተዋል። ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ የዲስኮች ሞት አንዱ ከሌላው የተነጣጠለ አይደለም፣ አንድ ሲሞት ሌላ የመከተል ዝንባሌ አለው። የወረዳ ግዥ ሲታይ ይህ ሊገርመን አይገባም። አራቱም ዲስኮች በአንድ ጨረታ ተገዝተው፣ በአንድ ካርቶን መጥተው፣ በአንድ ቀን ተሰክተው፣ አንድ ዓይነት አቧራ እየጠጡ፣ በአንዱ የመብራት መቆራረጥ አብረው እየደነገጡ ያረጁ ናቸው። እኩያሞች ናቸው፤ እኩያም በተቀራረበ ጊዜ ይሄዳል። በዚያው ዓመት የጉግል ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ደግሞ ከሞቱት ዲስኮች ከሦስት አንዱ የሚበልጡት በራሳቸው የጤና መቆጣጠሪያ ላይ አንድም የማስጠንቀቂያ ምልክት ሳያሳዩ መሞታቸውን ገልጿል። ሶፍትዌሩ ደህና ነው ስላለ ደህና ነው ማለት አይደለም።

    

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሞተውን ዲስክ መተካት በዓይን ሲታይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ያሉ ሰነዶች ሁሉ ግን በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፉ ይችላሉ። ባለሙያው ክፍሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ብርቱካናማዋን መብራት ነው፤ እጁ ግን ወደ እርሷ መሄድ የለበትም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሞተው የትኛው እንደሆነ በመለያ ቁጥሩ ይጽፋል። ማስገቢያው 0 ተብሎ ይቆጠር 1 ተብሎ፣ ከግራ ይጀምር ከላይ፣ ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ «ሦስተኛው» ብሎ የመዘዘ ሰው ጤነኛውን መዝዞ ሊያገኘው ይችላል። በሬይድ 5 ላይ አንድ ሞቶ ሳለ ጤነኛ መምዘዝ ማለት ሁለተኛውን በራስ እጅ መግደል ነው። ብዙ ሰርቨሮች የተፈለገውን ዲስክ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ትእዛዝ አላቸው፤ እርሱን ይጠቀማል። ከዚያ ብረቱን ነክቶ ከሰውነቱ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል፣ የመያዣውን ማንሻ ይስባል፣ ዲስኩን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያወጣውና ሳህኑ መሽከርከሩን እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሣል። ሲያወጣው ከላዩ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ከጻፈው ጋር ያመሳክራል። አዲሱ ዲስክ ከቀድሞው እኩል ወይም የሚበልጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ በጥቂት ሜጋባይት እንኳ ቢያንስ ሰርቨሩ ላይቀበለው ይችላል። ማንሻው ቀጭ ብሎ ሲገባ መብራቷ መብረቅረቅ ትጀምርና ስክሪኑ ላይ መቶኛ ይታያል፤ 1፣ 2፣ 3። መልሶ መሙላቱ ተጀመረ። አብዛኛው ሰው ሥራው አለቀ ብሎ በሩን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው፤ አደገኛው ሰዓት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ሳይቋረጥ ቢጻፍበት ለመሙላት ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ባለጉዳይ እየተስተናገደ ከሆነ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ የቀሩት አሮጌ ዲስኮች ለዓመታት ያልተነካውን ጥጋቸውን ጭምር ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ለተራ ዲስክ አምራቹ ከ100 ትሪሊዮን ቢት፣ ማለትም ከ12.5 ቴራባይት፣ አንዱ ላይነበብ ይችላል ይላል፤ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ካሉ ደግሞ አንዱን ለመተካት ከቀሩት ሦስት ላይ የሚነበበው 12 ቴራባይት ነው። ከዚህ ተነሥተው ሬይድ 5 ፈጽሞ አይረባም የሚሉ አሉ። ይህን ያህል አልሄድም። እውነተኛ ዲስኮች በዚህ ረገድ ከአምራቹ ወረቀት ይሻላሉ፤ እንዳይነበብ ሆኖ የቀረ አንድ ነጥብም ሁልጊዜ ሁሉን ይዞ አይወድቅም። ይሁንና ያው ወረቀት ስለ ዓመታዊው ሞት ያወራውን በካርኔጊ ሜለኑ ጥናት አይተናል፤ እዚያ እውነታው ከወረቀቱ ይከፋል። በአንዱ የሚያተርፈንን በሌላው የሚያከስረንን ወረቀት ይዞ የሰው ርስት ማስያዝ አይገባም። አዲሱ ዲስክም ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል ለዲስክ ስብስብ ብሎ ከሚሸጣቸው መካከል ከፊሎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ መረጃን ደራርበው የሚጽፉ፣ ስለዚህም ሲሞሉ እጅግ የሚዘገዩ መሆናቸውን ሳይገልጽ መቅረቱ ታውቆ ከገዢዎች ብዙ ወቀሳ አስነሥቷል። ከመርካቶ የተገኘው የመጀመሪያው ዲስክ ልኩ ስለገጠመ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ መተካት አይደለም፤ መቅዳት ነው። ብርቱካናማ መብራት የታየ ዕለት ከሁሉ በፊት የመዝገቡ ሙሉ ቅጅ ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰድ፣ ከዚያ ይተካ። «መቅዳቱም እኮ የደከሙትን ዲስኮች ያነባል፤ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ባለሙያ ይኖራል። ልዩነት አለው። ሲቀዳ የሚነበበው ጠቃሚው ብቻ ነው፤ የወረዳው የባለይዞታ ስምና የድንበር ነጥብ ከትልልቆቹ የአየር ፎቶዎች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ እርሱን ማስቀደም ይቻላል። በቅጅ ጊዜ አንድ ነጥብ አልነበብ ቢል የሚጎዳው አንድ ፋይል ነው፤ በመልሶ መሙላት ጊዜ ግን አንዳንዱ ማሽን ተስፋ ቆርጦ ሙሉውን ስብስብ ይጥለዋል። መብራት መሄዱንም መርሳት አይገባም። ሬይድ 5 በሚጽፍበት ቅጽበት ኃይል ቢቋረጥ ዋናው መረጃ ተጽፎ ድምሩ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ ያ ስሕተት የሚታወቀው ደግሞ ዲስክ ሞቶ ድምሩ በተፈለገ ቀን ነው። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚይዘው የዩፒኤስ ባትሪ ከሞተ ዓመት የሞላው ክፍል ውስጥ መልሶ መሙላት መጀመር ቁማር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ሬይድ ራሱ እኮ ባክአፕ ነው» የሚለው ነው፤ ከባድ የሆነው እውነት ስላለው ሳይሆን በስፋት ስለሚታመን ነው። ሬይድ የሚጠብቀው ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። አንድ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘውን ሬይድ በሁሉም ዲስክ ላይ በታማኝነት ይሰርዘዋል። ቫይረስ የቆለፈውን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። እሳትና ጎርፍ ሲመጡ አራቱም ዲስኮች ያሉት አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ደቡብ ኮሪያን ያህል በዘርፉ የገፋች አገር ይህን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተማረችው። በዴጆን የሚገኘው የመንግሥት መረጃ ማዕከል ሲቃጠል የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ቋት ሌላ ቦታ ቅጅ ስላልነበረው 858 ቴራባይት መረጃ አብሮ ጠፋ። ቅጅ ያልተያዘለት መጠኑ በጣም ትልቅ ነው ተብሎ ነበር። ቅጅ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ድካም የተጫነው መሐንዲስ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ መረጃ ሰረዘ፤ ሲፈተሽ ከነበሯቸው አምስት የመጠባበቂያ መንገዶች በታሰበው መሠረት የሠራ አንድም አልነበረም። ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጅ ነው። ኩባንያው ይህን ሳይሸሽግ ለዓለም መናገሩ የሚያስመሰግነው ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የሚነገረው ባለጉዳዩ «ሰኔ ላይ እንደገና ያመልክቱ» ሲባል ነው።

ታዲያ ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ በሚሉት ቦታ፣ አስቀምጦ ከዲስክ ጣጣ መገላገል አይቻልም ወይ? ለአዲስ አበባ ባንክ ምናልባት። በአማራ ክልል ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አልተመለሰም። መዝገቡ ክላውድ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወር «ሲስተም የለም» ነበር። በዚህ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ጽሕፈት ቤት ዋናው መዝገብ እዚያው እቤቱ መሆኑ አማራጭ አይደለም፣ ግዴታ ነው፤ ክላውዱ፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ተጨማሪ ቅጅ ይሁን። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ከወረታ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ ለክልሉ ቢሮ በሥራ ጉዳይ በሚሄድ ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ይህን የኋላ ቀር አሠራር ነው የሚል ቢኖር፣ የኢትዮጵያን የብራና ቅርስ የታደገው ይኸው አሠራር መሆኑን አስታውሰዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጅ እዚህ ቀርቶ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው ገዳም ሄደ፤ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች በዚህ መንገድ ተቀዱ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን የሠሩት በእነዚያ ቅጆች ላይ ነው። ዋጋ የሰጠው ፊልሙ ሳይሆን ቅጁ ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው።

«ገበሬው ደብተሩ እቤቱ አለ» የሚሉም አሉ። አለ። ነገር ግን ጎርፍ ቤት የገባ ዕለት ደብተሩም ሣጥኑ ውስጥ ነው ያለው። ደብተሩ ከታተመ በኋላ የተደረገው ውርስና ክፍፍል የሚገኘው መዝገቡ ላይ ነው፤ ሁለት ደብተር ሲጋጭ ዳኛው የሚጠይቀውም መዝገቡን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በሰሜን ወሎና በዋግ በደረሰ ጊዜ ብዙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ኮምፒውተሩንም ወረቀቱንም በአንድ ላይ አጥተዋል። ወረቀትና ዲስክ አንድ ጣሪያ ሥር ከዋሉ ሁለት መሆናቸው አያድንም።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ በጀት በማይበቃበት አገር ሳይሠራ መሳቢያ ውስጥ የሚተኛ ዲስክ እንዴት ይገዛል?» የሚለውን የፋይናንስ ባለሙያ እረዳዋለሁ። ግን መለዋወጫ ከሌለ የሚሆነውን እንከተል። ዲስኩ ሞተ ተብሎ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ወረታ ላይ ሦስት አቅራቢ ስለማይገኝ ባሕር ዳር ይኬዳል፤ ሞዴሉ ያረጀ ስለሆነ አዲስ አበባ ይጠየቃል፤ ዕቃው ይመጣል፣ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ነው፣ ሌብነትን ለመከላከል የተሠራ ነው፣ ይፍረስ አልልም። ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ሳምንታት የወረዳው መሬት ሁሉ የቆመው በቀሩት እኩያሞች ዕድሜ ላይ ነው። የበለጠ የከፋው የጊዜው አወዳደቅ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ በጀት ወርዶ ግዥ እስኪጀመር ሐምሌ ያልፋል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ መብረቅ የሚበዛበት፣ መብራት የሚቆራረጥበት፣ ጉማራ የሚሞላበት ነው። ዲስክ ይበልጥ በሚፈተንበት ወር መግዛት ይበልጥ ያስቸግራል። መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ የተኛ ገንዘብ አይደለም፤ በሰላሙ ቀን ተሠርቶ ያለቀ ግዥ ነው።

ለትንሽ ጽሕፈት ቤት የትኛው ይሻላል ለሚለኝ የኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት ነገር የሚጽፈው ቀላሉ ሬይድ 1 ይበቃል። ቦታ ያባክናል ይሉታል፤ እውነት ነው፣ ግማሹን ይበላል። ግን አንዱ ሲሞት መተካት ማለት ቀጥታ መገልበጥ ነው፤ በሶፍትዌር የተዋቀረ ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ቢቃጠል አንዱን ዲስክ አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። በመቆጣጠሪያ ካርድ የሚሠራው ውስብስቡ ዓይነት ግን ካርዱ ሲሞት ያንኑ ዓይነት ካርድ ካላገኙ ጤነኛ ዲስክ ይዞ መቸገርን ያመጣል። ሁለት ሞት የሚታገሠውን ሬይድ 6 የሚያቀርቡ አሉ፤ ለትልቅ ማዕከል ጥሩ ነው። ነገር ግን መብራቷን የሚያይ ሰው ለሌለበት ክፍል ተጨማሪ ዲስክ መስጠት ቸልታውን ማራዘም ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ሞትም ሳይታይ ያልፋል።

የወጣው ዲስክም «ሞቷል» ተብሎ ጥግ መጣል የለበትም። የሞተ ዲስክ ብዙ ጊዜ በከፊል ይነበባል፤ በላዩም የሰው ስም፣ ፎቶ፣ ይዞታና የቤተሰብ ሁኔታ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዋስትና አለው ተብሎ ለአቅራቢ ከመመለሱ ወይም በአሮጌ ዕቃ ጨረታ ከመሸጡ በፊት ሳህኑ በኮሚቴ ፊት ተበስቶ ወይም ተሰባብሮ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት።

የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የቀጣዩ ዓመት የግዥ ዕቅድ ሲዘጋጅ ለሰርቨሩ የሚገጥሙ ሁለት መለዋወጫ ዲስኮችና አንድ የዩፒኤስ ባትሪ በስማቸው ተጠቅሰው ይግቡበት። የሰርቨሩን ክፍል በየሳምንቱ ሰኞ ከፍቶ መብራቶቹን አይቶ የሚፈርም ሰው በደብዳቤ ይመደብ። በየሩብ ዓመቱም አንድ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ከተቀመጠው ቅጅ ላይ የአንድ ቀበሌ መዝገብ፣ ለምሳሌ የቁሐር ሚካኤል፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ከዋናው ጋር ይመሳከር።